ማን ሙት አለው?
የአያኮ ሚዩራን «ሺዮካሪ በር» ስናነብ



ባለፈው ክረምት የወጣቶች ኅብረታችን የንባብ ቡድን አንድ የጃፓን ልቦለድ አነበበ። በእጃችን የነበረው የእንግሊዝኛው ትርጉም ስለሆነ ምዕራፎቹን ተከፋፍለን፣ ያነበበው ላላነበበው በአማርኛ እየተረከ ጨረስነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ባለቀበት ቅዳሜ አንድ ወንድማችን መጽሐፉን ከደነና «እኔም እንዲህ መሞት እፈልጋለሁ» አለ። ብዙዎቻችን አሜን አልን። ጥግ ላይ የተቀመጠች የነርስነት ተማሪ ግን አሜን አላለችም። «ቆይ፣ እሱን ማን ሙት አለው?» ብላ ጠየቀች።

ጊዜ አልቆ ስለነበር ጸልየን ተለያየን። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ቤቴ ገባ። እኔ ይህን መጽሐፍ ለቡድኑ የመረጥኩት ስለ መሥዋዕትነት ለማስተማር ነበር። ጥያቄዋ እኔው መልሼ እንዳነበው አስገደደኝ። ሁለተኛው ንባቤ ከመጀመሪያው በጣም የተለየ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

መጽሐፉ በጃፓንኛ «ሺዮካሪ ቶጌ» ይባላል። «ቶጌ» ማለት መንገድ ተራራን የሚሻገርበት ከፍታ ነው፤ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ «ሺዮካሪ በር» እያልኩ እጠራዋለሁ። ደራሲዋ አያኮ ሚዩራ ናት። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ1966 በአንድ የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሔቱ ስሙ «የአማኞች ወዳጅ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በ1968 መጽሐፍ ሆነ፤ በ1973 ደግሞ ፊልም ተሠራበት። ጃፓን ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ የሆነባት አገር ናት። በእንዲህ ያለ አገር ለአማኞች መጽሔት የተጻፈ ታሪክ ከአጥሩ ወጥቶ ጌታን በማያውቁ ብዙ ሰዎች ተነብቧል። እኛም በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ የምንጽፍ ሰዎች ስለሆንን ይህ ሊያበረታታን ይገባል።

ታሪኩ የተነሣው ከእውነተኛ አደጋ ነው። የካቲት ወር መጨረሻ 1909፣ በሰሜናዊቷ የሆካይዶ ደሴት፣ አንድ የመንገደኞች ባቡር የሺዮካሪን አቀበት ሲወጣ የመጨረሻው ፉርጎ ተቆርጦ ወደ ኋላ መንደርደር ጀመረ። ፉርጎው ውስጥ ማሳኦ ናጋኖ የተባለ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛና የታወቀ ክርስቲያን ነበረ። ፉርጎው ቆመ፣ ተሳፋሪዎቹ ተረፉ፣ ማሳኦ ግን ከፉርጎው ሥር ሞቶ ተገኘ። አያኮ ከዚህ ሰው ተነሥታ ኖቡኦ ናጋኖ የሚባል የልቦለድ ሰው ፈጠረች። የእሷ ኖቡኦ በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ያጠብቃል። ፉርጎው ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ወደ ፊት ቁልቁለትና ጠመዝማዛ መንገድ ይታየዋል። ያን ጊዜ ራሱን ሐዲዱ ላይ ይጥላል።

«ማን ሙት አለው?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱ የሚገባን ደራሲዋ ራሷ ቀደም ሲል ለልጆች ምን ትል እንደነበር ስናውቅ ነው።

አያኮ በ1922 በአሳሂካዋ ከተማ ተወለደች። ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላት፣ ወይም በዚያው አካባቢ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች፤ ሰባት ዓመት ያህልም አስተማረች። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ የጃፓን ትምህርት ቤቶች ለንጉሠ ነገሥቱ መሞት ከክብር ሁሉ የበለጠ ክብር እንደሆነ ለሕፃናት ያስተምሩ ነበር። አያኮም አምናበት አስተማረች። ልጆቹን ትወድ ስለነበር የምታስተምረው በሙሉ ልቧ ነበር። ነሐሴ 1945 ጃፓን ተሸነፈች። አሸናፊዎቹ አገሪቱን ሲይዙ፣ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ ጦርነትን የሚያወድሱ ክፍሎች እንዲሰረዙ ታዘዘ። አዲስ መጽሐፍ ለማተም ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ የሚሰረዘውን መስመር እያነበቡ፣ ተማሪዎቹ ብሩሻቸውን በጥቁር ቀለም እየነከሩ በገዛ መጽሐፋቸው ላይ ቀቡት።

ይህን ትዕይንት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ትናንት «ይህ እውነት ነው፤ በቃላችሁ ያዙት» ያለቻቸው መምህርት ዛሬ «ይህን አጥቁሩት» ትላቸዋለች። ልጆቹም ይታዘዛሉ። ትናንትም ታዘዋት ነበር፣ ዛሬም ይታዘዟታል። አያኮ ከዚያ በኋላ ልጆች ፊት ለመቆም አልቻለችም። የትናንቱ ስሕተት ከሆነ የዛሬው ትክክል ለመሆኑ ምን ዋስትና አላት? በ1946 ሥራዋን ለቀቀች። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ነቀርሳ ያዛት፤ ሕመሙ ወደ አከርካሪ አጥንቷም ወርዶ በጀሶ ታስራ እስከ መተኛት ደረሰች። በጠቅላላው አሥራ ሦስት ዓመት ታመመች። በዚያ የሕመም ዘመን ታዳሺ ማኤካዋ የተባለ የልጅነት ወዳጇ፣ እሱም በዚያው በሽታ የተያዘ ክርስቲያን የሕክምና ተማሪ፣ ይጠይቃት ነበር። ለሕይወቷ ግድ አጥታ ሲያያት፣ ሊረዳት ባለመቻሉ አዝኖ የገዛ እግሩን በድንጋይ እንደ መታ በግለ ታሪኳ ጽፋለች። በ1952 አልጋ ላይ ሳለች ተጠመቀች። ማኤካዋ በ1954 ሞተ። ከበሽታዋ ተነሥታ በ1959 ሚትሱዮ ሚዩራን አገባች፤ ትንሽ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅም ከፈተች። ሱቋን ከዘጋች በኋላ ማታ ማታ የጻፈችው «ሂዮቴን» የተባለው የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዷ በ1964 የአሳሂ ጋዜጣን የአሥር ሚሊዮን የን ውድድር አሸነፈና ስሟ በአገሪቱ ሁሉ ታወቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጆችን «መሞት ክብር ነው» ብላ ያስተማረች፣ ያንንም በልጆቹ እጅ ያስጠቆረች ሴት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሞት የሚጨርስ መጽሐፍ ጻፈች። ያንኑ የድሮ ትምህርት የክርስትና ልብስ አልብሳው ይሆን? ኂስ የሚያነሣው ጥያቄ ይህ ነው። የእኔ መልስ «አይደለም» ነው። ማስረጃዬ ግን ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚገኝ አይደለም፤ ብዙዎቻችን እየተቻኮልን ባለፍናቸው ምዕራፎች ውስጥ ነው ያለው።

ኖቡኦ የተወለደው ከሳሙራይ ዘር ነው። ያሳደገችው አያቱ ክርስትናን አጥብቃ የምትጠላ ሴት ናት፤ ክርስቲያን የሆነችውን የልጁን እናት ከቤት አስወጥታ ለልጁ «ሞታለች» ብላዋለች። ይህ ጥላቻ ከባዶ የመጣ አይደለም። በጃፓን ክርስትና በ1614 በአገር ደረጃ ተከልክሎ፣ የክልከላው ሰሌዳ ከየአደባባዩ የወረደው በ1873 ነው። በአያትየዋ ዕድሜ የነበረ ሰው ክርስትናን ያወቀው እንደ ወንጀል ነው።

አንድ ቀን ሕፃኑ ኖቡኦ ከጓደኛው ከቶራኦ ጋር ጣራ ላይ ሳለ ተገፍቶ ይወድቃል። ሲጠየቅ ግን የተራ ነጋዴ ልጅ እሱን ሊገፋው እንደማይችል በንቀት ይናገራል። አባቱ ይህን ሲሰማ በጥፊ ይመታዋል። ይቅርታ እንዲጠይቅም ያዘዋል። ልጁ እምቢ ሲል አባትየው ራሱ፣ ያ የተከበረ ሰው፣ በነጋዴውና በልጁ ፊት እጁን ወለሉ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ኖቡኦ ያን ጀርባ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ሌላም ቀን የክፍሉ ልጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አለ የተባለውን መንፈስ ለማየት ማታ ከአንድ ዛፍ ሥር ይቀጣጠራሉ። ሲመሽ ዝናብ ይጥላል። ኖቡኦ ማንም አይመጣም ብሎ ሊቀር ነው። አባቱ ግን ቃል የገባ ሰው ይሄዳል ብሎ ይሰደዋል። ዛፉ ሥር ያገኘው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ ስሙ ዮሺካዋ ይባላል። ያ ልጅ የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሆነ። የዮሺካዋ እህት ፉጂኮ ደግሞ፣ እግሯ የሚያነክሰው፣ በኋላም በሳንባ ነቀርሳ የምትተኛው ልጅ፣ ኖቡኦ ዓመታት ቆይቶ የሚጠብቃት ሴት ሆነች።

እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ መጠየቅ፣ በዝናብ ቃልን መጠበቅ፣ የታመመን ሰው መጠበቅ። ደራሲዋ አብዛኛውን መጽሐፍ የሰጠችው ለእነዚህ ነው። አደጋው የሚወስደው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ መጽሐፉን እውነተኛ ያደረገልኝ ግን ሚሆሪ ነው። ሚሆሪ የሌላ ሠራተኛ የደመወዝ ፖስታ የሰረቀ የሥራ ባልደረባ ነው። ኖቡኦ በዚያ ሰሞን ኢኪ የተባለ ሰባኪ በበረዶ መካከል ጎዳና ላይ ቆሞ ሲሰብክ ሰምቷል። ሰባኪው ከመጽሐፍ ቅዱስ አንዲት ቃል መርጦ እስከ መጨረሻው እንዲፈጽማት ይመክረዋል። ኖቡኦ ደጉን ሳምራዊ (ሉቃስ 10) መረጠ። ለሚሆሪ አለቃውን ለመነለት፤ ወደ አሳሂካዋ ሲዛወርም አብሮት ሄደ። እኛ ብንጽፈው ኖሮ ሚሆሪ እዚህ ላይ አልቅሶ ንስሐ ይገባ ነበር። አያኮ እንዲህ አላደረገችም። ሚሆሪ ጠላው። «ሊሰልለኝ፣ ሌብነቴን ሊያስታውሰኝ ነው የተከተለኝ» ብሎ አሰበ። ኖቡኦም ሲጠላ ጊዜ ወደ ራሱ ተመለከተና በደግነቱ ውስጥ ንቀት እንደነበረ አየ። በእግዚአብሔር ቦታ ቆሞ ወንድሙን ቁልቁል ሲያየው ኖሯል። ወደ ጥምቀት የደረሰው ትእዛዙን ስለፈጸመ አይደለም፤ መፈጸም እንዳልቻለ ስለገባው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኖቡኦን ማን ሙት አለው? ማንም። አለቃ አላዘዘውም፣ ሕዝብ አላጨበጨበለትም፣ ሰባኪ አልገፋፋውም። በዚያ ባቡር የተሳፈረውም ሊሞት አይደለም። ወደ ሳፖሮ የሚሄደው፣ ዓመታት ሲጠብቃት ኖሮ በመጨረሻ ከበሽታዋ ከተነሣችው ከፉጂኮ ጋር ሊተጫጭ ነው። መኖር የሚፈልግ፣ ለመኖርም ምክንያት ያለው ሰው ነው። ጦርነቱ ከልጆቹ የጠየቀው ሕይወት እንዲረክስባቸው ነበር። ኖቡኦ ግን የሰጠው የሚወደውን ነው። መጽሐፉም በመታሰቢያና በውዳሴ አያልቅም። የሚያልቀው ፉጂኮ አበባ ይዛ ወደዚያ ሐዲድ ሄዳ፣ ወድቃ ስታለቅስ ነው። አያኮ ያን ልቅሶ አላሳጠረችውም፤ «እንኳን ሞተ» የሚል ሰውም አላቆመችበትም። የጀግና ሞት ስብከት ልቅሶን ይፈራል። እውነተኛ ፍቅር የከፈለውን ዋጋ ግን አልቃሽ ያውቀዋል። መጽሐፉ መግቢያው ላይ ያስቀመጠው ዮሐንስ 12፥24ም የሚናገረው ስለ ስንዴ ቅንጣት ነው። ስንዴ ወደ መሬት የሚገባው በገበሬ እጅ እንጂ በጅራፍ አይደለም።

ይህን ስል መጽሐፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ፉጂኮ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች በሽተኛ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ስትነጫነጭ አናያትም። ይህ የሚያስገርመው አያኮ ራሷ አልጋ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ያየች ሴት ስለሆነች ነው። በግለ ታሪኳ የምናገኛት አያኮ ትቆጣለች፣ ትጠራጠራለች፣ ከተስፋ መቁረጥ ጥግ ትደርሳለች፤ ስለዚህም ከፉጂኮ ይልቅ እናምናታለን። አንዳንድ ገጾች ደግሞ ልቦለድ መሆናቸውን ረስተው ስብከት ይሆናሉ። የሚሆሪም መለወጥ፣ ያን ሁሉ ጥላቻ በትዕግሥት ከገነባች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ተጠናቋል። ለመጽሔታችን አጫጭር ልቦለድ የምትልኩልን ወጣቶች ሚሆሪ ከሚጠላበት ምዕራፍ ተማሩ፤ ከሚለወጥበት ግን ተጠንቀቁ።

ከእናንተ መካከል የሹሳኩ ኤንዶን «ዝምታ» ያነበባችሁ፣ ወይም ማርቲን ስኮርሴዚ በ2016 ያወጣውን ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ። ካቶሊኩ ኤንዶ «ዝምታ»ን ያሳተመው በዚያው በ1966 ነው። የእሱ ቄስ በስደቱ ዘመን የክርስቶስን ምስል እንዲረግጥ ይገደዳል፤ ጭንቀቱም ሌሎች በእሱ ምክንያት መሠቃየታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱን መጻሕፍት «የከዳውና የጸናው» ብለን ልናነጻጽር ይቃጣናል። እኔ ግን እንደ ዘመዳሞች አያቸዋለሁ። ሁለቱም የተጻፉት ሥልጣን የሰውን ነፍስ ምን ሊያደርጋት እንደሚችል ባየ ትውልድ ነው። ሁለቱም «ጽና፣ ሙት» እያለ ከሩቅ ለሚጮኽ ሰው ጆሮ አይሰጡም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወንጌል ጉዞ ስንዘጋጅ አንድ ጎበዝ አገልጋይ ልጅ መጥቶ እናቱ ታመው ስለተኙ መቅረት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እኔም ሉቃስ 9፥60ን ጠቀስኩለት። ለጌታ መሞት ምን ማለት እንደሆነም ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ልጁ አከበረኝና ሄደ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር ዘመረ፣ መሰከረ፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ በምሳሌነት ጠቀስኩት። እናቱን ያን ሁሉ ቀን ያስታመመቻቸው የአሥራ አንድ ዓመት እህቱ ነበረች። ከተመለስን በኋላ ልጁ ቀስ በቀስ ከኅብረቱ ጠፋ። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔም «ቀዘቀዘ» ብዬ ጸለይኩለት።

አያኮ ልጆቹን ስታስጠቁር የሚያሳየውን ታሪክ ሳነብ የታየኝ ያ ልጅ ነው። ቃሉ የጌታ ነው፤ ቃሉን አላጠቁርም። ነገር ግን ጌታ ያን ቃል ለማን፣ መቼ እንደተናገረ ሳልመረምር እንደ ጅራፍ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እኔ ከኪሴ ምንም ሳልከፍል የሌላውን ሰው መሥዋዕት አዘዝኩ። በአገራችን ወጣትን «ሙት» የሚል ጥሪ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሌላ ተጨማሪ ጠሪ ልትሆን አይገባትም። እኛ የምናስተምረው ስለ እናንተ የሞተውን ጌታ ነው፤ እሱም ነፍሱን በፈቃዱ እንዳኖረ፣ ማንም እንዳልወሰዳት ራሱ ተናግሯል (ዮሐንስ 10፥18)።

መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ በጨረስኩ ሳምንት ወደ እነዚያ እናት ቤት ሄድኩ። ልጁ ሥራ ሄዶ አልነበረም። ቡና አፈሉልኝ። ይቅርታዬን ስነግራቸው መጀመሪያ አላስታወሱትም መስለው ነበር። ከዚያ ረከቦቱን እያስተካከሉ «ያን ጊዜኮ ውኃ የሚያቀብለኝ ነበር የጠፋው፣ ልጄ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ። ከልጁ ጋር ለመገናኘት ስልኩን ሰጥተውኛል። ይህን ስጽፍ አንድ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ገና ብዙ ይቀረናል።

የመጽሐፉ ሁለት ቅጂ በቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት አለ። ተዋሱት። በቡድን የምታነቡት ከሆነ ከአደጋው ምዕራፍ አትጀምሩ፤ ዝናቡ ከሚዘንብበት ምሽት ጀምሩ። ስትጨርሱም ከእናንተ መካከል አሜን ያላለ ሰው ካለ፣ ከመጸለያችሁ በፊት ይናገር።